ቁልፉ በማን ኪስ ነው? ቢዝነስ ስኩሎች ለአፍሪካ ዕድገት ስለሚሠሩት ሥራ

ጥያቄ፦ «በአንድ ባንክ የብድር ክፍል ውስጥ 8 ዓመት ሠርቻለሁ። ዘንድሮ ኤምቢኤ (የቢዝነስ አስተዳደር ማስተርስ) ልጀምር አስቤ ነበር። ታላቅ ወንድሜ ግን ‹አፍሪካን የሚያሳድጋት መሐንዲስና ገበሬ ነው፤ የማኔጅመንት ተመራቂማ በየሰፈሩ ሞልቷል› ይለኛል። እውነት ቢዝነስ ስኩሎች ለአህጉሩ ኢኮኖሚ የሚጨምሩት ነገር አለ? ወይስ ወረቀት ብቻ ነው የሚሰጡት?»

መልስ፦

የወንድምዎን ነገር አላጣጥለውም። ማኔጅመንት ሳስተምር ብዙ ዓመት ሆኖኛል። የወረቀቱን ብዛት በዓይኔ አይቻለሁ። ያም ሆኖ መልሴ «አዎ፣ የሚጨምሩት ነገር አለ» ነው። ግን ብዙ ሰው በሚፈልግበት ቦታ አይገኝም።

ከአንድ ሰው ልጀምር። ከጥቂት ዓመታት በፊት መርካቶ አካባቢ ጫማ የሚያመርት ሰው ዘንድ ለሥራ እመላለስ ነበር። ጎበዝ ሰው ነው። ቆዳውን በእጁ ዳሰስ አድርጎ ደረጃውን ይነግርዎታል። 14 ሠራተኞች አሉት። የስቶሩ ቁልፍ ግን አንድ ነው፤ እሱም ከኪሱ አይወጣም። ጠዋት እሱ ካልመጣ ሶል አይወጣም፣ ማስቲሽ አይወጣም። ለቅሶ የሄደ ቀን ሥራው ቆሞ ይውላል። «ቁልፉን ለምን ለሌላ ሰው አትሰጥም?» አልኩት። «ለማን ልስጥ?» አለኝ። ወንድሙ ዱባይ ነው። ልጁ ገና ስምንተኛ ክፍል ነች። ምን ገባ፣ ምን ወጣ የሚለው ሁሉ ያለው በእሱ ጭንቅላት ውስጥ ነው። ሌላ ሰው ቢይዘው በምን ይቆጣጠረዋል?

ይህ ሰው ትዕዛዝ አልጎደለውም። ሁለተኛ ወርክሾፕ የሚያስከፍት ገበያ ነበረው። ግን አንድ ሰው ሁለት ቦታ አይቆምም። ስለዚህ በ14 ሠራተኛ ቀረ።

በአህጉራችን ካሉት ድርጅቶች አብዛኞቹ ትንንሾች ናቸው። ጥቂት ግዙፎችም አሉ። መሃሉ ግን ሳሳ ያለ ነው። ከ14 ሠራተኛ ወደ 60፣ ከ60 ወደ 200 የሚሄደው ድርጅት ብርቅ ነው። ሥራ አጥ ወጣቶችን በብዛት የሚቀጥረው ደግሞ እሱ ነበር። ለዚህ ምክንያቱ ብዙ ነው፤ መብራት፣ ዶላር፣ መንገድ፣ ቢሮክራሲ። እነዚህን ሁሉም ያውቃቸዋል። ብዙ የማይነገርለት ምክንያት ግን ያ ቁልፍ ነው።

«ይህ የአንተ ግምት ነው» እንዳይሉኝ አንድ ጥናት ላንሳ። ቦታው ህንድ ነው፤ ታሪኩ ግን የመርካቶው ሰውዬ ታሪክ ነው። ኢኮኖሚስቱ ኒኮላስ ብሉምና የሥራ ባልደረቦቹ ሙምባይ አካባቢ ወዳሉ የጨርቃ ጨርቅ ፋብሪካዎች ሄዱ። 17 የቤተሰብ ድርጅቶች ነበሩ። ለተወሰኑት ነጻ የማኔጅመንት ምክር ሰጧቸው፤ ለሌሎቹ ግን ችግራቸውን የሚያሳይ የመነሻ ጥናት ብቻ አደረጉላቸው። ምክሩ የረቀቀ ነገር አልነበረም። የተበላሸ ጨርቅን በየቀኑ መመዝገብ። ማሽን ሳይሰበር መጠገን። ስቶር ውስጥ ያለውን ክር መቁጠርና በቦታው ማስቀመጥ። የሠራተኛውን ድርሻ ግልጽ ማድረግ። በአንደኛው ዓመት የፋብሪካዎቹ ምርታማነት በ17 በመቶ ጨመረ። ውጤቱ እ.ኤ.አ. በ2013 ታተመ።

እኔን የነካኝ ግን ከ17 በመቶው ይልቅ ሌላ ነገር ነው። ተመራማሪዎቹ «አንድ ድርጅት ምን ያህል ትልቅ እንደሚሆን ከሁሉ በላይ የሚያመለክተው ምንድን ነው?» ብለው ፈተሹ። መልሱ የባለቤቱ ቤተሰብ ውስጥ ያሉ ወንዶች ቁጥር ሆነ። ሁለት ወንድም ያለው ሁለት ፋብሪካ ይከፍታል። ወንድም የሌለው አንድ ላይ ይቀራል። ቁልፉን የሚሰጡት ለዘመድ ብቻ ነበርና። መመዝገብና መቁጠር የጀመሩት ባለቤቶች ግን ከዘመድ ውጭ ላሉ ሥራ አስኪያጆች ሥልጣን መስጠት ጀመሩ። በሦስት ዓመት ውስጥ ተጨማሪ ፋብሪካ ከፈቱ። መዝገብ ሲኖር የሰው ታማኝነት የሚታይ ነገር ይሆናል። ስርቆት ቶሎ ይታያል፤ ሐቀኛ ሠራተኛም በሐሜት ከመባረር ይድናል።

እርስዎ ደግሞ ይህን ከእኔ በተሻለ ያውቁታል። ብድር ክፍል ቁጭ ብለው ስንት ሰው «ካርታ አለህ?» ብለው ጠይቀዋል? ነጋዴው ጥሩ ያተርፋል፤ እርስዎም ያውቃሉ። የቤት ካርታ ወይም የመኪና ሊብሬ ከሌለው ግን ፋይሉ ይዘጋል። ይህ የባንኩ ክፋት አይደለም። ሰውዬው ይዞት የመጣው የሂሳብ መዝገብ የማይታመን ስለሆነ ነው። ለገቢዎች አንድ መዝገብ፣ ለባንክ ሌላ መዝገብ፣ ለራሱ ደግሞ ሦስተኛ ትንሽ ደብተር። ባንኩ መዝገቡን ማመን ስላልቻለ ግድግዳውን ያምናል። በዚህ ምክንያት ገንዘቡ የሚሄደው ጥሩ ሥራ ላለው ሳይሆን ቤት ላለው ነው። ይህ በአህጉር ደረጃ ሲደመር ምን ያህል ዕድገት እንደሚያስቀር ያስቡት።

እንግዲህ የቢዝነስ ስኩል ዋና ሥራ ለእኔ ይህ ነው፤ የሚታመን መዝገብ፣ የሚታመን ሥራ አስኪያጅ፣ ቁልፍ ማካፈል የሚችል ባለቤት መፍጠር።

አሁን ደግሞ ሐሳቤን ወደሚያወሳስበው ነገር ልሂድ፤ መደበቅ አልፈልግም። ቶጎ ዋና ከተማ ሎሜ ላይ በ1,500 ትንንሽ ነጋዴዎች ላይ ጥናት ተደርጎ እ.ኤ.አ. በ2017 ወጥቷል። አንዱ ቡድን የተለመደውን የንግድ ሥልጠና ወሰደ፤ ሂሳብ አያያዝ፣ ገበያ፣ የመሳሰለውን። ሌላው ቡድን በራስ ተነሳሽነት ላይ የተመሠረተ ሥልጠና ወሰደ፤ አዲስ ነገር መሞከር፣ ዕድልን ቀድሞ ማየት፣ እንቅፋት ሲመጣ አለመተው። ሁለተኛው ቡድን ትርፉ በ30 በመቶ ጨመረ። የሂሳብ አያያዙ ቡድን ግን 11 በመቶ ብቻ፤ እሱም በአጋጣሚ ሊሆን የሚችል ልዩነት ነበር። በተለይ ሴት ነጋዴዎች ከሁለተኛው ሥልጠና በጣም ተጠቅመዋል።

ይህ የሚነግረን ቁም ነገር አለ። ለጉልት ቸርቻሪዋ ባላንስ ሺት (የሀብትና የዕዳ መግለጫ) ማስተማር ጊዜዋን መብላት ነው። እሷ ቁልፍ የምታካፍለው ሰው የላትም፤ ገና መነሳት ነው የሚያስፈልጋት። መዝገብ ሕይወት የሚሆነው 14 ሠራተኛ ላለው ሰው ነው። አንድ ቢዝነስ ስኩል ለማን ምን እንደሚያስተምር ካላወቀ ሁለቱንም ያጣቸዋል። ብዙዎቹ የሚሳሳቱት እዚህ ላይ ይመስለኛል። ለሁሉም አንድ ዓይነት መጽሐፍ ይዘው ይቀርባሉ።

ለምን እንዲህ እንደሆነ ለመረዳት ወደ ኋላ ማየት ይጠቅማል። የእኛው ሰንጋ ተራ ያለው ንግድ ሥራ ኮሌጅ፣ ሰው «ኮሜርስ» የሚለው፣ ሥራ የጀመረው እ.ኤ.አ. በ1943 ነው። ጣሊያን ከወጣ ገና ሁለት ዓመቱ ነበር። መንግሥት ቢሮ ሊያቆም ነው፤ ታይፕ የሚመታ፣ መዝገብ የሚይዝ፣ ደብዳቤ የሚጽፍ ሰው የለም። ትምህርት ቤቱ ያንን ሰው አወጣ። ውለታው ቀላል አይደለም። ባንኩ፣ መድን ድርጅቱ፣ መሥሪያ ቤቱ በእነዚያ ልጆች ነው የቆመው። በብዙ የአፍሪካ አገሮችም አጀማመሩ ከዚህ ብዙም አይርቅም። ትምህርቱ የተቀረጸው ጸሐፊና ሂሳብ ሠራተኛ ለማውጣት ነበር። ድርጅት የሚያሳድግ ሰው ማውጣት ሌላ ሙያ ነው። ስያሜው ወደ «ቢዝነስ ስኩል» ሲቀየር ብዙ ቦታ ይዘቱ እዚያው ቀረ።

የተለየ መንገድ የሞከሩም አሉ። የሌጎስ ቢዝነስ ስኩል እ.ኤ.አ. በ1991 ሲጀምር በቅድሚያ ያስተማረው ሥራ ላይ ያሉ አስተዳዳሪዎችን ነው። ይህ ቅደም ተከተል ትልቅ ነገር ነው። ክፍል ውስጥ የተቀመጠው ሰው ሰኞ ጠዋት የሚወስነው ውሳኔ አለው። የተማረውን ማክሰኞ ይሞክረዋል። ናይሮቢ ያለው ስትራትሞር ደግሞ እ.ኤ.አ. በ1961 ኬንያ ነጻ ከመውጣቷ በፊት ነው የተጀመረው። በዘር በተከፋፈለ አገር የሁሉንም ዘር ተማሪዎች በአንድ ክፍል የሚያስቀምጥ ኮሌጅ ነበር። ዛሬ ቢዝነስ ስኩሉ በምሥራቅ አፍሪካ የታወቀ ነው።

ከሁሉም ግን ጋና ያለው አሼሲ ዩኒቨርሲቲ ልቤን ይወስደዋል። መሥራቹ ፓትሪክ አዉዋ ማይክሮሶፍት ይሠራ የነበረ መሐንዲስ ነው። ሥራውን ትቶ ካሊፎርኒያ በርክሌ ኤምቢኤ ተማረ። አገሩ ተመልሶ እ.ኤ.አ. በ2002 አክራ ላይ በ30 ተማሪዎች ዩኒቨርሲቲ ከፈተ። ወንድምዎ ይህን ታሪክ ቢሰሙት ደስ ይለኛል፤ መሐንዲሱ ተቋም ማቆም ሲፈልግ ነው ወደ ቢዝነስ ስኩል የሄደው። አሼሲ ውስጥ ተማሪዎቹ ራሳቸው ድምፅ ሰጥተው ያጸደቁት የክብር ቃል ኪዳን አለ። እ.ኤ.አ. ከ2008 ጀምሮ ፈተና የሚፈተኑት ያለ ፈታኝ ነው። የሚቆጣጠር መምህር ክፍሉ ውስጥ አይቆምም። የኮረጀ ካለ የሚናገሩት ጓደኞቹ ናቸው።

ይህን ከመርካቶው ቁልፍ ጋር ያያይዙት። አራት ዓመት ሙሉ ማንም ሳያየው ያልኮረጀ ልጅ የስቶር ቁልፍ ሊሰጠው ይችላል። በእኛ አገር የመመረቂያ ጽሑፍ በገንዘብ እንደሚጻፍ ያልሰማ የለም። እኔን እንቅልፍ የሚነሳኝ ይህ ነው። የመመረቂያ ጽሑፉን የገዛ ልጅ ነገ የድርጅት ኦዲተር ይሆናል። ከእንዲህ ዓይነቱ ቦታ የወጣ ወረቀት ለአህጉሩ የሚጨምረው ነገር የለም፤ በዚህ ወንድምዎ ልክ ናቸው።

ሌላው ትልቅ ጉዳይ የሚማሩት ኬዝ ነው። ቢዝነስ ስኩሎች የሚያስተምሩት አንድ ድርጅት የገጠመውን እውነተኛ ችግር አቅርበው «እርስዎ ቢሆኑ ምን ያደርጉ ነበር?» እያሉ ነው። ዘዴው ግሩም ነው። ችግሩ ኬዞቹ የማን ናቸው የሚለው ነው። ተማሪው ስለ አሜሪካ ሱፐርማርኬት ሲከራከር ይውላል። በማግስቱ ቢሮው ሲገባ ከውጭ ዕቃ ለማስገባት ኤልሲ (የባንክ የክፍያ ዋስትና) ለመክፈት ወራት መጠበቅ አለ። ዱቤ ወስዶ የጠፋ የክፍለ ሀገር ደንበኛ አለ። አንድ ቀን በድንገት ዋጋው የጨመረ ጥሬ ዕቃ አለ። ለዚህ የተጻፈለት ኬዝ የለም።

ህንዶች ይህን ቀድመው ገብቷቸዋል። አሕመዳባድ ያለው የማኔጅመንት ተቋማቸው እ.ኤ.አ. በ1961 ሲከፈት ሃርቫርድ ረድቶታል። ዘዴውን ከሃርቫርድ ወሰዱ፤ ጉዳዩን ግን ከራሳቸው ገበሬ። ስለ ግብርና ማኔጅመንት የሚያጠና ቡድን ገና ከጅምሩ አቋቋሙ። በኋላም እ.ኤ.አ. በ1979 አናንድ በምትባል የወተት ኅብረት ሥራ ከተማ ለገጠር ብቻ የሆነ የማኔጅመንት ተቋም ተከፈተ። ተማሪዎቹ መንደር ሄደው ይኖራሉ። ኅብረት ሥራ ማኅበሩ ወተቱን እንዴት እንደሚሰበስብ፣ እንዴት እንደሚከፍል ያያሉ። ወንድምዎ «ገበሬ ነው የሚያሳድገን» ሲሉ እኔ የማስበው ይህንን ነው። ገበሬው ቡናውን አምርቷል። ማኅበሩን የሚያስተዳድረው፣ ውሉን የሚፈራረመው፣ የገበሬውን ገንዘብ በሰዓቱ የሚከፍለው ማን ነው?

በእኛም ቤት ቢሆን ማኔጅመንትን ከሥራ ጋር አያይዞ የተማረ ተቋም አለ። የኢትዮጵያ አየር መንገድ ነው። እ.ኤ.አ. በ1945 ሲመሠረት ከአሜሪካው አየር መንገድ ቲደብሊውኤ ጋር ውል ነበረው። አብራሪውም፣ አስተዳዳሪውም አሜሪካዊ ነበር። ውሉ ግን ኢትዮጵያውያንን ማሠልጠንን ይጨምር ነበር። ሩብ ምዕተ ዓመት ፈጀ፤ በመጨረሻ እ.ኤ.አ. በ1971 የመጀመሪያው ኢትዮጵያዊ ዋና ሥራ አስኪያጅ ተሾመ። ከዚያ ወዲህ አየር መንገዱ ሰውን ከታች እያሳደገ ይሄዳል፤ የራሱ ትምህርት ቤትም አለው። «ቢዝነስ ስኩል» የሚል ታፔላ አልነበረበትም እንጂ ሥራው እሱው ነው። ትዕግሥቱን ልብ ይበሉ። ቁልፉ ከእጅ ወደ እጅ ለማለፍ 25 ዓመት ያህል ወስዷል።

ካይዘን የሚባለው የጃፓኖች አሠራርን ደረጃ በደረጃ የማሻሻል ዘዴም አለ። ጠቅላይ ሚኒስትር መለስ ዜናዊ እ.ኤ.አ. በ2008 ጃፓኖችን ጠይቀው ነው የመጣው። 30 ፋብሪካዎች ላይ ተሞከረ፤ ከዚያ እ.ኤ.አ. በ2011 ኢንስቲትዩት ተቋቋመ። ዛሬ ፋብሪካ ሲገቡ ግድግዳ ላይ የሥራ ቦታን በሥርዓት የመያዣ ደንቦቹ፣ «አምስቱ ማዎች»፣ ተለጥፈው ያያሉ። አንዳንዱ ጋ ወረቀቱ ብቻ ነው የቀረው፤ ይህ ግን የእኛ ብቻ ችግር አይደለም። ሙምባይ ያሉት ፋብሪካዎች ከስምንት ዓመት ገደማ በኋላ እንደገና ሲታዩ ከተማሯቸው አሠራሮች ግማሽ ያህሉን ትተው ነበር። የሰለጠነው ሥራ አስኪያጅ ሲለቅ አሠራሩም አብሮት ይሄዳል። እንዲያም ሆኖ ካልተማሩት ጋር ሲወዳደሩ ትልቅ ልዩነት ነበራቸው። ቢዝነስ ስኩል የሚያስፈልገው አንዱ ምክንያትም ይኸው ነው። ፕሮጀክት ሲያልቅ አሠልጣኙ ይሄዳል፤ ትምህርት ቤት ግን በየዓመቱ አዲስ ሰው ያወጣል።

አሁን ደግሞ ጊዜው ያስገድዳል። እ.ኤ.አ. በ2014 የወጣው የፋይናንስ ሪፖርት አዋጅ ድርጅቶች ዓለም አቀፍ የሂሳብ ደረጃን እንዲከተሉ አዟል። በጥር 2025 አክሲዮን የሚሸጥበትና የሚገዛበት የሰነደ መዋዕለ ንዋዮች ገበያ ተከፈተ። አክሲዮኑን ለሕዝብ ማቅረብ የሚፈልግ ድርጅት ሦስት መዝገብ ይዞ እዚያ መግባት አይችልም። የውጭ ባንኮችም እንዲገቡ በታኅሣሥ 2024 ሕግ ጸድቋል። እነሱ ሲመጡ ካርታ ሳይሆን የገንዘብ ፍሰት አይተው የሚያበድሩ ሰዎች ይዘው ይመጣሉ። እርስዎ ያንን ሥራ ከእነሱ ቀድመው ቢያውቁት አይሻልም?

በአህጉሩ ደረጃም ነጻ የንግድ ቀጣናው ከ2021 ጀምሮ ሥራ ላይ ነው። ቀረጥ መቀነሱ ብቻ ግን ዕቃ አያንቀሳቅስም። አዲስ አበባ ያለ አምራች ሞምባሳ ላይ ስልክ አንስቶ የሚያናግረው የሚያምነው ሰው ያስፈልገዋል። አብሮ የተማረ ሰው እንዲህ ዓይነት ቦታ ላይ ዋጋው ትልቅ ነው።

ቢዝነስ ስኩል የማይችለውንም ልንገርዎ። ዶላር አያመጣም። ትራንስፎርመር አይተክልም። መንገድ ሲዘጋ አይከፍትም። ጥሩዎቹ ትምህርት ቤቶች ክፍያቸው ውድ ነው፤ ከዚያ የሚወጡ ጎበዞችም ብዙውን ጊዜ የሚሄዱት ወደ ትልልቅ አማካሪ ድርጅቶችና የእርዳታ መሥሪያ ቤቶች ነው። የጫማ ወርክሾፕ የሚገባ የለም። ለ14 ሠራተኛው ሰውዬ የሚደርሰው የተሻለው መንገድ የማታና የቅዳሜ አጭር ሥልጠና ይመስለኛል፤ መምህሩ ራሱ ወርክሾፑ ድረስ የሚሄድበት። ይህን የሚያደርጉ ትምህርት ቤቶች ገና ጥቂት ናቸው።

ወደ እርስዎ ልመለስ። ኤምቢኤ ይጀምሩ፤ ግን ከመመዝገብዎ በፊት ትምህርት ቤቱን ይጠይቁት። መምህራኑ ባለፈው ዓመት የትኛው ድርጅት ውስጥ ገብተው ሠሩ? በአንድ ኮርስ ውስጥ ስንት የኢትዮጵያ ወይም የአፍሪካ ኬዝ አለ? አብረውዎት የሚማሩት ሥራ ላይ ያሉ ሰዎች ናቸው ወይስ ትናንት የተመረቁ ልጆች? የመመረቂያ ጽሑፉን ማን ያነበዋል፣ እንዴትስ ይፈተናል? ሲመልሱልዎ ከተንተባተቡ ገንዘብዎን ይያዙ።

ከገቡ ደግሞ የመመረቂያ ሥራዎን ርዕስ አሁኑኑ ይያዙ። ካርታ የለውም ብለው የመለሱት፣ ነገር ግን ሥራው ጥሩ እንደሆነ ልብዎ ያወቀው አንድ ደንበኛ ይኖራል። ስልኩን ከፋይሉ ከማውጣትዎ በፊት ባንክዎን ያስፈቅዱ። ከዚያ ሰውዬው ጋ ሄደው ስድስት ወር አብረውት ይቀመጡ። የዱቤ ደብተሩን፣ የስቶር ገቢና ወጪውን፣ የሠራተኛ ክፍያውን በአንድ መዝገብ ያስገቡ። እኔ ከጫማ ሠሪው ጋር ሦስት ሳምንት ብቻ እንዲህ አድርገን «ያተርፈኛል» ይለው የነበረው የወንዶች ጫማ ቆዳው ሲቆጠር እንደሚያከስረው አየን። ትርፉ የመጣው ከልጆች ጫማ ነበር። በሚቀጥለው ወር ለአንዲት ለአምስት ዓመት አብራው ለሠራች ልጅ ሁለተኛ ቁልፍ አስቀረጸላት። ስድስት ወር ሲሞላ የእርስዎን ሰው መዝገብ ይዘው ወደ ብድር ኮሚቴዎ ይግቡና ያለ ካርታ ያበድሩት እንደሆነ ይሞግቷቸው።